የተዋሐደ ግራፊክስ ታሪክና የተስፋ አቀባበል፦ ከአርባ ምንጭ የመምህራን ሥልጠና አንጻር

የማስተማሪያ መሣሪያ በሚመረጥበት ጊዜ፣ ገና ገበያ ላይ ያልዋለውን ዕቃ ብቃት አስቀድሞ መገመት የተለመደ ሆኗል። ይህ አጭር ጽሑፍ በኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ውስጥ የተዋሐደው ግራፊክስ፣ ማለትም ምስልን የሚያቀናብረው ክፍል፣ ያለፈበትን ጉዞ በመመርመር ለጋሞ ዞን መምህራን ሥልጠና የሚሰጠውን ትምህርት ለማመልከት ይሞክራል።

እንደሚታወቀው፣ በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው የፕላዝማ ትምህርት ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሠራጭ ስለ ነበር፣ መምህሩ ሥርጭቱን አቁሞ ማስደገም አይችልም ነበር። ኮምፒዩተር ይህን ሥልጣን ለመምህሩ ይመልስለታል። ይሁንና የማዕበልን እንቅስቃሴ ወይም የሞለኪዩልን ቅርጽ ሳይቆራረጥ ለማሳየት በቂ የግራፊክስ ብቃት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የኢንቴል 810 ቺፕሴት ግራፊክስን ከዋናው ሰሌዳ ጋር በማዋሐድ የኮምፒዩተርን ዋጋ ለመቀነስ ረዳ። ኤኤምዲ በ2006 ኤቲአይን ከገዛ በኋላ «ፊውዥን» የተባለውን የተዋሐደ ፕሮሰሰር በ2008 መጨረሻ ወይም በ2009 መጀመሪያ ለማውጣት አቅዶ ነበር፤ ዕቃው የወጣው ግን በ2011 ነው። ኢንቴልም «ላራቢ» የተባለውን የግራፊክስ ውጥን በ2009 መጨረሻ ለገበያ ከማቅረብ ተቆጠበ። በአንጻሩ በ2011 መጀመሪያ የወጣው «ሳንዲ ብሪጅ» ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ቺፕ ላይ በእርግጥ አዋሐዳቸው።

በጥቅምት 2025 ደግሞ ኢንቴል «ፓንተር ሌክ» ከቀድሞው ትውልድ ከ50 በመቶ በላይ የላቀ የግራፊክስ ብቃት እንደሚኖረው አስታወቀ። ይህ ተስፋ የተያያዘው 12 የግራፊክስ ኮር ካለው ዓይነት ጋር ሲሆን፣ በዚያው ስም 4 ኮር ብቻ ያለው ዓይነትም አለ። ስለዚህ በግዢ ሰነድ ላይ የቤተሰቡን ስም ብቻ መጻፍ ብቃቱን አያረጋግጥም።

ሌላው ምክንያት የማስታወሻው አሠራር ነው። የተዋሐደ ግራፊክስ በአብዛኛው የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ከፕሮሰሰሩ ጋር ይሻማል። ዲዲአር4-3200 የተባለው ማስታወሻ በአንድ መስመር ሲገጠም በሰከንድ እስከ 25.6 ጊጋባይት፣ በሁለት መስመር ሲገጠም እስከ 51.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል። በመሆኑም ሁለተኛውን ማስታወሻ በመተው የሚገኘው ጥቂት ቁጠባ፣ አምራቹ የተናገረለትን ብቃት በእጅጉ ሊቀንሰው ይችላል።

የአርባ ምንጭ ቆላማ አየር የራሱ ፈተና አለው። የተዋሐደው ግራፊክስ ከተለየ የግራፊክስ ካርድ ያነሰ ኃይል ስለሚወስድና ያነሰ ሙቀት ስለሚያመነጭ ለአካባቢው ይስማማል፤ ሆኖም ማንኛውም ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ደጋ በሆነችው በጨንቻ የተገኘ ውጤት በአርባ ምንጭ ከሰዓት በኋላ ላይደገም ይችላል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው መደምደሚያ ተስፋን መናቅ ሳይሆን በልኩ መያዝ ነው። ማሠልጠኛ ኮሌጆች ከግዢ በፊት የራሳቸውን ትምህርት በናሙና ኮምፒዩተር ላይ በቀን ሙቀት ቢሞክሩ፣ የኮር ቁጥርንና የማስታወሻ መስመርን በሰነድ ላይ በግልጽ ቢያሰፍሩ፣ ለዕጩ መምህሩ የሚደርሰው መሣሪያ የታለመለትን ተግባር ሊፈጽም ይችላል።