ከመጀመሪያው መብላት በፊት፦ ሰንጠረዥ ለምን ጠፋ?

በዲላ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ከአኃዞቹ በላይ «ሰንጠረዥ 1» ብሎ ሲጽፍ የአንድ ጨዋታ ስም እየጻፈ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ሰንጠረዥ የኢትዮጵያ ቼዝ ነው። ቃሉ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር አልፎ የደረሰን ነው። ዛሬ በብዙ ሰው አፍ የቀረው ትርጉሙ ረድፍና ዓምድ ብቻ ነው። ጨዋታው ከእጃችን ወጥቷል።

ይኸው ተማሪ ማታ በስልኩ ቼዝ መማር ቢጀምር ሦስት ምክሮች ይቀርቡለታል። የሰሌዳውን መካከል በወታደሮችህ ያዝ። ፈረስና ቢሾፕህን ቶሎ አውጣ፤ አንዱን ጠጠር ደጋግመህ አታንቀሳቅስ። ንጉሥህን በካስሊንግ ወደ ጥግ አስገባ፤ ንግሥትህንም ያለ ጊዜዋ አታውጣ።

የእነዚህ ምክሮች መሠረት ተራ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በተራው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያንቀሳቅስ፣ በከንቱ ያለፈ ተራ ለባላጋራ የተሰጠ ስጦታ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አውሮፓ ውስጥ ንግሥትና ቢሾፕ የዛሬውን ረጅም ጉዞ ካገኙ ወዲህ ደግሞ ቅጣቱ ፈጣን ሆነ፤ ያልተጠነቀቀ ጀማሪ በአራት እርምጃ ማት ይሆናል።

ሰንጠረዥ ከዚህ ለውጥ በፊት የነበረውን አካሄድ እንደያዘ የቆየ ነው። ንግሥት የለችም። በንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። መደቅ የሚባሉት ወታደሮች አንድ አንድ ቤት ይራመዳሉ። ጉልበት ያለው በፈረሱና በደር፣ ማለትም በዛሬው ሩክ፣ ላይ ነው። ካስሊንግም የለም።

እንዲህ ዝግ ያለ ሠራዊት ተራ በተራ ቢንቀሳቀስ እስኪጋጠም ብዙ ይቆያል። የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ለዚህ ያገኙት መላ ወረራ ይባላል። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል እያንቀሳቀሱ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ዐይን ግን ከባላጋራ እጅ አይነሣም፤ ወዲያ ማዶ ፈረሱ ቦታ ሲቀይር ወዲህ አሰላለፉ ይስተካከላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ተራ በተራ ነው።

እዚህ ላይ የአጀማመር ትምህርቱ ይለወጣል። ዋናው ጥያቄ «ማን ቀደመ?» አይደለም፤ «ማን በደንብ ተሰለፈ?» ነው። ቀድሞ የሚበላ ሰው የውጊያውን ሰዓት የሚወስነው እሱ ነው፤ ነገር ግን የራሱንም የመዘጋጃ ጊዜ በዚያው እጁ ይዘጋል። አንድ መደቅ ለማግኘት ቸኩሎ የበላ፣ ፈረሱ ከኋላ ተዘግቶበት ሊገኝ ይችላል። መካከሉን መያዝ፣ ጠጠሮችን ማውጣትና ንጉሡን መሸፈን በሰንጠረዥም ያስፈልጋሉ። የሚለየው የሚለኩበት መንገድ ነው፤ በዛሬው ቼዝ በተራ ቁጥር፣ በወረራ ደግሞ በትዕግሥት።

አሸናፊነቱም ሥርዓት ነበረው። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ እንደ ትልቅ ሙያ አይቆጠርም ነበር፤ የሚመሰገነው በደካሞቹ ጠጠሮች የጨረሰ ነው። ሠራዊቱን ሁሉ አጥቶ ብቻውን የቀረ ንጉሥም ማት አይደረግም።

ጨዋታው የቆየ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንድ ቬኒሳዊ ሰዓሊ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር ቼዝ ይጫወት እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ወዳድ እንደነበሩ እንግሊዛውያኑ ሄንሪ ሶልትና ናትናኤል ፒርስ መስክረዋል። እቴጌ ጣይቱም በጨዋታው የተካኑ እንደነበሩ ይነገራል። የወረራን ደንብ በዝርዝር ካቆዩልን መካከል በ1860 እ.ኤ.አ. የተገደለው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ይገኝበታል፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሪቻርድ ፓንክረስት የጨዋታውን ታሪክና ደንብ አሰባስበው አሳትመዋል።

ስሞቹን ልብ ማለት ይገባል፦ ንጉሠ ነገሥት፣ ራስ፣ እቴጌ። ጨዋታው የተመዘገበልን በገዥዎች ግቢ ነው፤ መዝጋቢዎቹም በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ናቸው። የጣሊያን ወረራ የድሮውን የመኳንንት ኑሮ ሲያናጋ ሰንጠረዥም ማረፊያ አጣ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት አልተቀበለውም። በኋላ ወጣቱ ቼዝ ሲማር የተማረው ዓለም አቀፉን ነው። በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር የኖረ እውቀት፣ ጥላው ሲነሣ የሚጠለልበት ጎጆ አልነበረውም።

ዲላን ዋና ከተማው ያደረገው የጌዴኦ ዞን የዚህን ተቃራኒ ያሳያል። ጌዴኦዎች እንሰትን፣ ቡናንና አገር በቀል ዛፎችን በአንድ ማሳ አደባልቀው፣ ተዳፋቱን ሳያራቁቱ የሚያለሙበት እውቀት አለ። ይህ እውቀት የሚኖረው በየቤቱ ጓሮ ነው፤ ልጅ ከአባትና ከእናቱ ጋር እየሠራ ይማረዋል። ሥርዓተ መንግሥት በተደጋጋሚ ሲለዋወጥ እውቀቱ አልተቋረጠም፤ መስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለዘለቄታው ዋስትና የሚሆነው ግን መዝገቡ አይደለም። የመሬት ጥበት በበረታበትና ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ በሚወጣበት ጊዜ፣ የሚማረው ትውልድ ከጠፋ ጓሮውም እንደ ሰንጠረዥ ስሙ ብቻ ሊቀር ይችላል።

ሰንጠረዥን መመለስ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደንቡ ተጽፎ አለ፤ 64 ቤት የተሰመረበት ጨርቅና ጠጠሮች ይበቃሉ። የዲላ ትምህርት ቤቶች የቼዝ ክበብ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ቀን ወረራን ቢሞክሩ፣ የዛሬው ቼዝ ስለ ተራ ለምን ያን ያህል እንደሚጨነቅ በንጽጽር ይገባቸዋል። ከዚህም በላይ፣ ለመብላት ከመቸኮል በፊት መሰለፍ እንደሚቀድም በእጃቸው ይማራሉ። ይህን ትምህርት የምትፈልግ አገር ደግሞ ሩቅ አይደለችም።