ከዱቡሻ ድንጋይ እስከ ዕድር ድንኳን

ገንዘብ ለማዋጣት በተሰበሰበ ጉባኤ ፊት ቆሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የማይል ተናጋሪ ማግኘት ያስቸግራል። አባባሉ መልካም ነው። ይሁንና ከሸማኔ ጋር የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ድር የቱንም ያህል ቢበዛ ብቻውን ጨርቅ አይሆንም፤ ማግ ያሻዋል። ስለ መዋጮ ስናወራ የምንዘነጋው ይህንን ነው። ስንት ብር ተገኘ ብለን እንጠይቃለን፤ ሰዎቹን በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ፊት ለፊት የሚያገናኛቸው ስብሰባ ግን ከቁጥር አይገባም። በዚህ ጽሑፍ የጋሞን ደጋ፣ ከዚያ ፈልሰው አዲስ አበባ የሰፈሩትን ሸማኔዎችና ከባሕር ማዶ የመጡትን የአገልግሎት ክበቦች ጎን ለጎን አቁመን አንድ ነገር ለማሳየት እንሞክራለን። ይኸውም ስብሰባው የቀረ እንደሆነ መዋጮ ግብር ይሆናል የሚለውን ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ ጠመዝማዛ አቀበት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከምትገኘው ከተማ ተነሥቶ፣ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ 2,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቁልቁል ሲመለከቱ አባያና ጫሞ ሐይቆች ይታያሉ፤ ሽቅብ ሲሉ እንሰትና በቀርከሃ የተሠሩት የዶርዜ ቤቶች ይቀበላሉ። በዚህ ደጋ የሚኖረው የጋሞ ሕዝብ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ላይ ከመድረሱ በፊት፣ በአንድ ንጉሥ ሥር አልነበረም። «ደሬ» በሚባሉ አርባ ገደማ ትንንሽ አገሮች ተከፍሎ ይተዳደር ነበር። ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ጨንቻ፣ ኦቾሎ፣ ቦንኬና ካምባ ከእነዚህ ውስጥ ይቈጠራሉ።

ደሬው የሚመክርበት ሜዳ «ዱቡሻ» ይባላል። ሽማግሌዎች በድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጉባኤው በምርቃት ይከፈታል፤ አንዱ ተነሥቶ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። የመሬት ጠብ፣ የግጦሽ ወሰን፣ «ጎሜ» የሚሉት የሥርዓት ጥሰት፣ የሹመት ጉዳይ ሁሉ እዚያ ይታያል። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ማርክ አቤሌስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኦቾሎ ተቀምጦ ይህንኑ ጉባኤ ካጠና በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ የፖለቲካን ምንነት ለመመርመር መነሻ አድርጎታል። ዱቡሻው እንደ ጉዳዩ ይጠራል እንጂ የሳምንት ቀጠሮ አልነበረውም። ሳምንታዊውን ግንኙነት የያዘው ገበያው ነው። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ የጨንቻ ደግሞ ማክሰኞና ቅዳሜ ይውላል። ወሬ የሚሰማው፣ ዕዳ የሚጠየቀው፣ ቀጠሮ የሚያዘው እዚያ ነው።

በጋሞ የሕዝብ ሀብት የሚሰበሰብበት መንገድ ለየት ያለ ነው። «ሃላቃ» ለሚባለው ሹመት የታጨ ሰው ደሬውን የመደገስ ግዴታ አለበት። ለዓመታት ያጠራቀመው ከብት፣ እህልና ቅቤ ለድግስ ይወጣል። ባለጸጋው ሀብቱን አውጥቶ ክብር ይቀበላል፤ ክብሩም የሚጸናው በመስቀል በዓል በሕዝብ ፊት ሲታይ ነው። በሌላ አነጋገር ደሬው ካለው ሰው ላይ ይወስዳል፤ የሚወስደው ግን እርሱን ከመካከሉ አስቀምጦ፣ ስሙን ጠርቶ፣ መርቆ ነው።

ይህንን ስንል የጥንቱን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። በዱቡሻው ድንጋይ ላይ ሁሉም ሰው አልተቀመጠም። ሴቶች ቦታ አልነበራቸውም። ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ አልፊዎች፣ የሠሩትን ዕቃ ሁሉ ሕዝቡ እየተጠቀመበት፣ እነርሱ ግን ከጉባኤው ውጭ ነበሩ። በስብሰባ የሚገኝ ክብር ካለ፣ ከስብሰባ በመገለል የሚመጣ ውርደትም አለ። ስለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም መመዝገብ ይገባዋል።

ከወረራው በኋላ የመጣው የገባር ሥርዓት አዲስ ዓይነት አሰባሰብ አመጣ። ገበሬው እህሉንም ጉልበቱንም ለመልከኛው አቀረበ። ከዚያ በፊት ለሃላቃ ድግስ የወጣው ሀብት ምናልባት ከዚህ አላነሰ ይሆናል። ልዩነቱ የመጠን አልነበረም። ስለ አሁኑ ገንዘብ በዱቡሻው ላይ የሚነሣ ንግግር የለም። ስንት ይሁን፣ ለምን ይዋል፣ ማን ይቅርለት ተብሎ አይመከርም። የሰጠው ሰውም ምርቃት አይቀበልም።

ብዙ የዶርዜና የአካባቢው ወንዶች ሽመናን ተምረው ወደ አዲስ አበባ የፈለሱት ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ነው። ጉለሌና ሽሮ ሜዳ የእነርሱ መንደሮች ሆኑ። ነጠላና ጋቢ እየሠሩ፣ የሠሩትን ሽጠው፣ ለመስቀል ወደ አገር ቤት ይመለሱ ነበር። በከተማው ግን ትልቅ ችግር ገጠማቸው። አገር ቤት ሰው ሲሞት የሚቀብረው ጎረቤቱና ዘመዱ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ዘመድ የለም። መጤው ሁሉ፣ ጉራጌውም ዶርዜውም አማራውም ኦሮሞውም፣ የገጠመው ይኸው ነው።

የከተሜው መልስ ዕድር ሆነ። የዕድር አጀማመር ተመራማሪዎችን ያከራክራል፤ ሆኖም ከ20ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ወዲህ በከተማ የጐለመሰ ተቋም መሆኑ ብዙ አያነጋግርም። አሠራሩ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ። አባሉ ሁሉ በየወሩ እኩል ያዋጣል፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ይገዛል። ጡሩምባ ሲነፋ ያልወጣ ይቀጣል፤ ከስብሰባ የቀረም ይቀጣል። ከዕድሩ ጎን ዕቁብ አለ፤ ብዙውን ጊዜ በየሳምንቱ ይሰበሰባል፤ ዕጣ ይወጣል። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ የሚቀመጠው ሰንበቴም አለ። እዚህ ላይ ከሃላቃው ድግስ የሚለየውን ልብ ይሏል። ዕድር ባለጸጋውን ለይቶ አያስከፍልም። ሁሉም ትንሽ ትንሽ፣ ሁሉም እኩል ይሰጣል። በአንጻሩ ደሬው ያስቀረውን ሰው ዕድሩ ሊያስገባ ይችላል፤ መመዘኛው መዋጮውን መክፈልና መገኘት ስለሆነ።

አሁን ለአንድ አፍታ ወደ ሩቅ እንሻገር። ዕድር በአዲስ አበባ ሲጠነሰስ፣ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ፖል ሃሪስ የሚባል የሕግ ባለሙያ ተመሳሳይ ብቸኝነት ገጥሞት ነበር። ያደገው ቬርሞንት በምትባል ገጠራማ ግዛት፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ነው። በታላቁ ከተማ ግን ደንበኛ እንጂ ወዳጅ አላገኘም። እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1905 ከሦስት ሰዎች ጋር ተገናኘ፤ አንዱ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ አንዱ የማዕድን መሐንዲስ፣ አንዱ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበር። በየተራ በየአንዳንዳቸው ቢሮ ለመሰብሰብ ተስማሙ። በዚህ ዙር ምክንያት ክበባቸው ሮታሪ ተባለ። መጀመሪያ የፈለጉት ወዳጅነትና የንግድ መደጋገፍ ነው። እርስ በርስ ከተዋወቁ በኋላ ስለ ከተማቸው ማሰብ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ባደረጉት ቅስቀሳ በቺካጎ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ አደረጉ። ስብሰባው ቀደመ፤ አገልግሎቱ ተከተለ። ለረጅም ዘመን በደንባቸው መሠረት አራት ተከታታይ ሳምንታዊ ስብሰባ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው አባልነቱን ያጣ ነበር። የጉለሌ ሸማኔና የቺካጎ ጠበቃ አንዱ የሌላውን ስም ሳይሰማ፣ ገጠሬ በከተማ እንዴት ይኖራል ለሚለው ጥያቄ ተቀራራቢ መልስ አገኙ ማለት ነው።

ሮታሪ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዘመን መዋጮም ከመንደር ወጥቶ አደባባይ ደረሰ። ቴምቦላ፣ ባዛርና የራት ግብዣ የከተሜው ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሆኑ። የአገር ተወላጆችም በየፊናቸው የልማት ማኅበር አቋቋሙ። ጉራጌዎች ለመንገድ ሥራ ተደራጁ፤ የዓለምገናና የወላይታ ሶዶ የመንገድ ሥራ ማኅበርም ተቋቋመ። ዛሬ በቡታጅራ በሆሳዕና አድርጎ በሶዶ በኩል ወደ አርባ ምንጭ የሚጓዝ መንገደኛ፣ በዚያ አቅጣጫ መንገድ እንዲወጣ ከኪሳቸው ያዋጡ ሰዎች እንደነበሩ ቢያውቅ መልካም ነው። አርባ ምንጭ ራሷ የዚያ ዘመን ልጅ ናት። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ከጨንቻ ወርዶ፣ ከተማዋ በአርባ ምንጮቿ ስም የተቈረቈረችው በ1955 ዓ.ም. ግድም ነው።

መንግሥት ይህንን መሰባሰብ በሁለት ዓይን አየው። መንገድና ትምህርት ቤት ሲሠራ ወደደው፤ ሰው ሲበዛበት ግን ሠጋ። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለመንገድ ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። ስብሰባዎቹ እጅግ ብዙ ሕዝብ መሳብ ሲጀምሩ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ማኅበሩም እ.ኤ.አ. በ1967 ታገደ። ማኅበራት እንዲመዘገቡ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። መንግሥትን ያሳሰበው በሣጥን ውስጥ ያለው ብር አልነበረም፤ ብሩን ይዞ የመጣው ሕዝብ ነበር።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ ዕድሮች ከቀብር የዘለለ ሥራ እንዳይሠሩ ተደረጉ። ስብሰባ ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም በዛ። የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ የማኅበራት ስብሰባ ነበር፤ በየመሥሪያ ቤቱም ሳምንታዊ የውይይት ክበብ ነበር። መዋጮውም እንደዚሁ፤ ለእናት አገር ጥሪ፣ ለድርቅ፣ ለበዓል። ይሁን እንጂ የሚወሰነው ሌላ ቦታ ተወስኖ ያደረ ነው። ተሰብሳቢው የመጣው ስሙ እንዳይያዝ ነው፤ ያጨበጨበውም እንዲሁ። እንግዲህ በመግቢያችን ያልነውን እዚህ ላይ ማስተካከል ይኖርብናል። ሰው መሰብሰቡ ብቻ አይበቃም። «አይሆንም» ማለት የማይቻልበት ስብሰባ እንደሌለ ይቈጠራል፤ በዚያ የወጣ መዋጮም ግብር ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ዕድሮች እንደገና አንሰራሩ። በኤች አይ ቪ ምክንያት በየሳምንቱ ድንኳን መትከል ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሞት ብቻ ሳይሆን ሕመምም የእኛ ጉዳይ ነው ወደ ማለት ደረሱ፤ ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ መጠየቅና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መርዳት ያዙ። ይህንን ውሳኔ ያሳለፉት ራሳቸው በስብሰባቸው ተከራክረው ነው። ሮታሪም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1985 በጀመረው የፖሊዮ ዘመቻ ገንዘብ በማሰባሰብም ሆነ በፈቃደኝነት በመሥራት ድርሻ ነበረው። የክትባት ጠብታውን በበረዶ ሣጥን ይዘው በየደጃፉ የዞሩት የጤና ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ድካም ከንቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 2020 አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ ተረጋግጧል።

ወደ ጋሞ እንመለስና እንደምድም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ ሸማኔዎች ነበሩ። ሬሳው ሳይበርድ አርባ ምንጭ ላይ የተቈጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ቆሙ፤ ተመለሱም። በከተማዋ የነበሩ የሌላ ብሔረሰብ ተወላጆች ከአደጋ ዳኑ።

ያ ሣር በገንዘብ አይገዛም። ሽማግሌዎቹ በዚያች ሰዓት ሊሰሙ የቻሉት፣ ሰው ሲናገር ማዳመጥን በዱቡሻው ላይ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፍ የኖረ ሕዝብ ስለነበረ ነው። ለዘመናት የተዋጣው ይኸው ነበር፤ በክፉ ቀንም ወጪ ተደረገ።

ዛሬ መዋጮ በስልክ ይላካል። ይህ ማለፊያ ነገር ነው። ብዙ የዕድር አባላትም ከመገኘት ይልቅ ቅጣቱን መክፈል ይቀላቸዋል። ሮታሪ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ክበቦቹ በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ሊሰበሰቡ እንዲችሉ ፈቅዷል። ኑሮ ጊዜ እንደሚያሳጣ ማንም ያውቀዋል። ነገር ግን የዕድር ጸሐፊ መዝገብ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነገር ይመዘግባል፤ ማን እንደከፈለና ማን እንደተገኘ። የመጀመሪያው ሞልቶ ሁለተኛው ባዶ የቀረ እንደሆነ፣ ሣጥኑ አይጎድልም። የሚጎድለው፣ እርጥብ ሣር ይዞ ፊታችን ሲንበረከክ የምንሰማው ሰው ነው።