ባቡርህ የት አለ?

የዛሬው ትንሽ ይረዝማል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

አዲጋላ ያስተማርኳችሁ ልጆች ይሄን አትረሱትም። እኔ "መኪናዬ" ስል እናንተ "ባቡርህ" ነበር የምትሉኝ። ገና በሩን ዘግቼ ስወርድ "ቲቸር፣ ባቡርህ ዛሬ ታመመች እንዴ?" ትሉኛላችሁ። አማርኛችሁ ውስጥ አንቱታ ብዙም ቦታ ስላልነበረው በ"ህ"ዋ አልተቀየምኩም። "ባቡር"ዋ ግን ታስቀኝ ነበር። ይቺ የአባቴ ፔጆ ምኗ ነው ባቡር የሚያሰኛት? እላለሁ።

በኋላ ስጠይቅ ነው የተማርኩት። በሶማሊኛ ባቡር ማለት መኪና ነው። እኛ በአማርኛ ባቡር የምንለውን እናንተ ታሬን ትሉታላችሁ። ሁለታችንም ቃሉን ያገኘነው ከአንድ ቦታ ነው። ፈረንሳዮች እንፋሎትን "ቫፐር" ይሉታል፤ ቃሉ በቱርክና በዐረብ ወደቦች ዞሮ ዞሮ ባቡር ሆኖ ደረሰን። በአንዳንድ የገጠር አካባቢ ወፍጮም ባቡር ይባላል። ብቻ በእንፋሎት የሚሠራ፣ የሚጮህና የሚያጨስ ነገር ሁሉ ባቡር ነበር። ስለዚህ አልተሳሳታችሁም። የሳቅኩት እኔ ነኝ አላዋቂው።

ይሄን ዛሬ የማነሳው በምክንያት ነው። ሐሙስ መኪናዋን አስረክባለሁ። ሸጥኳት። ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ አይቷት ቀብድ ሰጥቶኛል። ከማስረከቤ በፊት ባለፈው ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ከድሬዳዋ አዲጋላ ነድቻት መጣሁ። ስለዚያች መንገድ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ እሷ።

ፔጆ 404 ናት፤ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድሬዳዋ ውስጥ ታክሲ ሠርቶባት ነው ያሳደገን። ድሬዳዋና ሐረር ያደገ ሰው ይሄን መኪና ማስተዋወቅ አያስፈልገውም። ከዚራ ጥላ ሥር፣ ሐረር ጀጎል በር ላይ፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን በሽተኛ፣ ስንቱን የጫት እስር ተሸክማለች! ፈረንሳዮቹ ይቺን ሞዴል ያወጡት በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። ቅርጿን የነደፈው ፒኒንፋሪና የሚባለው የጣሊያን ቤት ነው። በዓለም ዙሪያ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ማርሿ መሪው ሥር ነው፤ ባትሪ ሲደክም በማኖቬላ ትነሳለች። ሞላዋ ረጅም ስለሆነ ጉድጓድ ስትገባ እንደ ዛሬዎቹ አከርካሪ አትሰብርም።

ለአፍሪካ መንገድ የተፈጠረች ናት ሲባል ወሬ ብቻ አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የሚባለውን ከባድ የመኪና ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. አራት ጊዜ አሸንፋለች። በ1963ቱ ውድድር 84 መኪኖች ተነስተው መጨረሻ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ፤ አንደኛዋ ይቺው ናት። አባቴ ይሄን ታሪክ ሲያወራ ውድድሩን ራሱ የነዳ ነበር የሚመስለው።

አሁን ወደ መንገዱ።

የእኛ ክልል ሽርሽር ሲባል ሰው የሚያወራው የጅጅጋን መንገድ ነው። ከሐረር ወጥተህ ባቢሌ፣ የዳካታ ድንጋዮች፣ ከዚያ ካራማራን ስትሻገር የጅጅጋ ሜዳ ፊትህ ዘርግቶ ይጠብቅሃል። እውነት ነው፣ ውብ ነው። የአዲጋላን መንገድ ግን ማንም "ለመዝናናት" ብሎ አይሄድበትም። ሙቀት ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ግራር ነው። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሳሁ። ፀሐይ ሳትበረታ መሄድ ግዴታ ነው፤ አሮጊቷ ሙቀት አትችልም። ሽኒሌን አልፈህ ትንሽ ስትርቅ መስታወቱን አየት አድርግ፤ የሐረር ተራሮች ከኋላህ ሰማያዊ ሆነው ቆመዋል። ከፊትህ ሜዳው ሙልጭ ብሏል። ግመል በሰልፍ፣ ዲክዲክ ከቁጥቋጦ ሥር ብቅ ጥልቅ፣ ራቅ ብሎ አቧራ እንደ ምሰሶ ሲሽከረከር። ሬዲዮ የላትም፤ ቢኖራትም አልከፍተውም ነበር።

እነዚያን ተራሮች አየት አድርጉ ያልኳችሁ በከንቱ አይደለም። ለድሬዳዋም ለአዲጋላም መፈጠር ምክንያቶቹ እነሱ ናቸው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሲሰጡ ሐሳቡ ሐረር እንዲገባ ነበር። የዚያን ዘመን ትልቁ የንግድ ከተማ ሐረር ነዋ! በ1890 ዓ.ም. ሥራው ከጂቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱን ተራራ ላይ ማውጣት ግን ወጪው የሚቻል አልሆነም። ስለዚህ ተራራው ሥር ባለው ሜዳ ቀጥ ብሎ መጣና በ1895 ዓ.ም. ባዶ ቦታ ላይ ቆመ። ያ ባዶ ቦታ መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ተባለ፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ነው። ወደ 310 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐዲድ በአምስት ዓመት! ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ የመንግሥታት ንትርክ መጣ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ይሄን ክፍል ላይ ሳስተምር ሁሌም የምዘለው ነገር ነበር፤ መጽሐፉም ይዘለዋል። "በአምስት ዓመት ተሠራ" ስንል ሜዳው ባለቤት የሌለው ይመስላል። ባለቤት ነበረው። የኢሳ ጎሳዎች ግመላቸውን የሚያሰማሩበት፣ የሲራራ ነጋዴን አጅበው ገቢ የሚያገኙበት አገር ነው። ሐዲዱ ሲመጣ ያለ ጠብ አልመጣም፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል። በኋላ ኩባንያው ያለ እነሱ እንደማይሆንለት ገባውና ከራሳቸው ጥበቃ እየቀጠረ መሥራት ያዘ። የኢሳዎች ሕግ፣ ሄር ኢሴ የምትሉት፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚዳኝ ያልተጻፈ ሕግ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በኢትዮጵያ፣ በጂቡቲና በሶማሊያ ስም መዝግቦታል። ባቡሩ የመጣው ሕግ ወዳለበት አገር ነው፤ ይሄን ሳስተምራችሁ አለማለቴ ይቆጨኛል።

ደግሞ የመኪናን ነገር እዩት። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ በጂቡቲ በኩል መጥቶ ዎልስሊ የምትባል መኪና ለምኒልክ አዲስ አበባ አደረሰ። በዚያው ሰሞን ሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊም በራሱ አገር መኪና ገባ። ያን ጊዜ ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ከቆመ አምስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲያ የመኪና መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ግመልና በቅሎ የሚሄድበት ዱካ ነው። ስለዚያ ጉዞ በ1913 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ መጽሐፍ ታትሟል። እኔ ከድሬዳዋ አዲጋላ በአስፋልት ሄጄ ጀርባዬን አመመኝ እላለሁ!

አዲጋላ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ የፈራሁት መጣ። የሙቀት መለኪያው ወጣ። ዳር ይዤ አቆምኩና ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ራዲያተሩ ይንጣጣል። የያዝኩት ውሃ ግማሽ ጄሪካን ነው፤ አልበቃትም። መቼም በዚህ ሜዳ ሰው የለም ስትል ሰው አይጠፋም። ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ከየት እንደመጡ ሳላይ አጠገቤ ቆመዋል። "ማዓሊን" አሉኝ። የት እንደሚያውቁኝ ስጠይቅ ለካ የልጃቸውን ልጅ አስተምሬዋለሁ። ልጁን ላኩት፤ በአህያ ሁለት ጄሪካን ውሃ ጭኖ መጣ። በዚያ በጋ፣ ውሃ ሩቅ በሚቀዳበት አገር፣ ለሰው መኪና።

"አዴር፣ ይሄ እኮ ለፍየሎቹ ነው" ብላቸው ሳቁ። በወጣትነታቸው ሐዲድ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ውስጥ የፈረንሳይኛ ቃል ይገባል፤ ባቡሩን ዛሬም "ሸመንደፈር" ነው የሚሉት። "ባቡር ውሃ ሲጠማው የሚያጠጣው ሰው ካላገኘ ባቡር አይደለም፣ ብረት ነው" አሉኝ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ስጠብቅ አንድ የድሮ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ከተማችን ለምን እዚህ ተሠራች? ወንዝ የለ፣ እርሻ የለ" ብላኝ ነበር። ያን ዕለት "ነገ እመልስልሻለሁ" አልኩ። ሳልመልስ ዓመቱ አለቀ።

እነሆ መልሱ፦ ባቡር መቆም ስላለበት ነው። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ሳይጠጣ ሩቅ አይሄድም። ሐዲዱ አንድ መስመር ስለነበር የሚመጣውና የሚሄደው የሚተላለፉበት ቦታም ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ሜዳው ላይ ጣቢያዎች በየርቀቱ የተደረደሩት። ጣቢያ ሲኖር ሠራተኛ አለ፤ ሠራተኛ ካለ ሻይ የምታፈላ፣ ወተት የምትሸጥ፣ ሱቅ የሚከፍት አለ። በድሮ ጊዜ ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበር፤ ተጓዡ ድሬዳዋ ያድራል፣ አዋሽ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። መስመሩ ሁሉ የኖረው በመቆም ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ መቆምን እየቀነሰ ነው የመጣው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የናፍጣ ባቡር ገባ፤ የውሃው ነገር ቀረ። በ1969 ዓ.ም. ጦርነት ድልድዮች ፈንድተው መስመሩ ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋረጠ። ያን ጊዜ የደረሰውን እያንዳንዱ ቤት በየራሱ ያውቀዋል፤ እኔ አልነግራችሁም፣ አያቶቻችሁን ጠይቁ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ። ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ደግሞ ወደ 220 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የክፍያ መንገድ ተሠራ። እኔ መጀመሪያ አዲጋላ ስመደብ በጭነት መኪና ላይ አቧራ እየጠጣሁ ነበር የደረስኩት፤ ዛሬ በጠዋት ወጥተህ ምሳህን ድሬዳዋ ተመልሰህ መብላት ትችላለህ። መንገዱ ጥሩ ነው፣ ማንም እንዳይሰማኝ ብዬ የድሮውን አላሞግስም። ወላድ የያዘች መኪና ቶሎ መድረሷ ከእኔ ትዝታ ይበልጣል።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ። አዲጋላ ገብቼ በግመል ወተት የፈላ ሻይ ይዤ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። ከባድ መኪኖች በተከታታይ አለፉ፤ ወደ ወደቡ ባዶ፣ ከወደቡ ሙሉ። የቆመ አላየሁም። ያን ቀን እዚያ የቆመች የሩቅ አገር መኪና የእኔዋ አሮጊት ብቻ ነበረች፤ እሷም ስለታመመች ነው። ልጆች ዙሪያዋን ከበው "ባቡር! ባቡር!" ይላሉ። የዛሬ ልጆችም እንደዚያው ናቸው።

ለሽርሽር መንዳት የሚባለውን ነገር የወደድኩት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የትም ለመድረስ የማይቸኩል ሰው ብቻ ነው የሚቆመው። ስትቆም ደግሞ ሽማግሌ ታገኛለህ፣ ውሃ የሚሰጥህ ታገኛለህ፣ ሳትመልሰው የቀረኸውን ጥያቄ ታገኛለህ። የታሪክ መምህር ሆኜ በክፍል ያላገኘሁትን መንገድ ዳር ነው ያገኘሁት።

"ታዲያ ለምን ሸጥካት?" ትሉኝ ይሆናል። የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ በዲፕሎማ የሚያስተምር ሰው ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። የቴስታ ጓርኒሲዮን በዓመት ሁለቴ እየቀየርኩ ነበር። የልጆቼ እናት አንድ ቀን "የምትነዳው መኪናዋን ነው ወይስ አባትህን?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሳስበው አደርኩና ጠዋት ለሰውዬው ደወልኩለት። አባቴም ቢሆን ልጅ ሊያሳድግባት ነው የገዛት፤ እኔም ልጅ ላሳድግባት ሸጥኳት። እንደዚያ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።

ከእናንተ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ።

አንደኛ፣ ከእሷ ጋር የተነሳችሁት ፎቶ ያላችሁ፣ አዲጋላ ግቢ ውስጥ ኮፈኗ ላይ ወጥታችሁ የተነሳችሁትን ማለቴ ነው (አውቃለሁ፣ አይቻችሁ ዝም ብዬ ነው)፣ ላኩልኝ። እኔ ጋ አንድም የለም። ሁሌ ከመሪው ኋላ ነበርኩ።

ሁለተኛ፣ ከሽኒሌ፣ ከአዲጋላ፣ ከአይሻ፣ ከደወሌ የሆናችሁ፣ ቤታችሁ ሐዲድ ላይ የሠራ ወይም ጣቢያ ላይ ወተት የሸጠች ሰው ካለች ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። በስልክ ቅዱት። በሶማሊኛም ይሁን፣ እናስተረጉመዋለን። እነዚያ ውሃ የሰጡኝ አዴር ዕድሜያቸው ሄዷል፤ ስንመለስ እናገኛቸዋለን ብሎ ነገር የለም።

አንቺም የመጨረሻው ረድፍ ልጅ፣ ይሄን ካነበብሽ፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ። መልሱ ከላይ አለ።