ተረከዝ የሌለው «ሜክሲኮ 66»

ከፊት ሲያዩት ያው የድሮው የመሮጫ ጫማ ነው። ቀጭኑ ሶል፣ በጎኑ የሚጠላለፉት መስመሮች በቦታቸው አሉ። ዞር ሲያደርጉት ግን ኋላው የለም፤ እግር እንደ ሸበጥ ሰተት ብሎ ይገባል። የጃፓኑ ኦኒትሱካ ታይገር «ሜክሲኮ 66 ሳቦ» ይለዋል። ሳቦ በፈረንሳይኛ የእንጨት ጫማ ነው።

ሜክሲኮ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው ልቡ ወደ አደባባዩ ይሄዳል። የጫማው ስም ግን ከ1968ቱ (እ.ኤ.አ.) ኦሊምፒክ ጋር የተያያዘ ነው፤ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ በ2:20:26 ካሸነፈበት።

የእኛና የዚህ ፋብሪካ ትውውቅ ከዚያም ይቀድማል። ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ ኮቤ ከተማ ውስጥ ሥራውን የጀመረው በ1949 ነው። በ1960 አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2:15:16 አሸነፈ። ጫማ ጠልቶ እንዳልነበረ ብዙዎቻችን እንረሳለን፤ እዚያው የገዛው አዲስ ጫማ አልስማማ ብሎ እግሩን ስላቆሰለው ነው። በዓመቱ ለማይኒቺ ማራቶን ኦሳካ ሲሄድ፣ ኦኒትሱካ ጫማዬን አድርግልኝ ብሎ ጠየቀው። ኩባንያው እንደሚተርከው አበበ እሺ ብሎ በዚያው ጫማ ሮጦ አሸንፏል።

እንግዲህ የመሮጫ ጫማ ትልቁ ፈተና ተረከዝ ነው። ላላ ካለ እግር ይንሸራተታል፣ ከጠበቀ ይልጣል። የ«ሜክሲኮ 66» ሠሪዎች ኋላውን በተሻገረ ቁራጭ ቆዳ አጠናክረውታል፤ ከሯጭ ኋላ ሆኖ የሚያይ ሰው የኤክስ ቅርጽ ይታየዋል። ለእኔ የጫማው ውበት እዚያ ነው።

ሳቦው ሲመጣ ያ ሁሉ ተቆረጠ። የእግር ጣቶች በየእርምጃው ጫማውን ቆንጠጥ ማድረግ አለባቸው፤ ሮጥ ቢሉበት ወልቆ ይቀራል። ምቾቱን ግን አልክድም። ጃፓኖች ደጃፍ ላይ ጫማ ሳያወልቁ ቤት አይገቡም፤ እኛም ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ደጅ ላይ ጎንበስ ብለን ክር እንፈታለን። የስኒከሩን ኋላ ረግጦ እየጎተተ ሱቅ የሚላክ ልጅ፣ «ጫማውን ገደልከው!» የምትል እናት፣ በየሰፈሩ አሉ። ልጆች በተረከዛቸው የጨፈለቁትን ፋብሪካው በመቀስ ጨረሰው።

ብገዛ የምገዛው ግን ባለ ኋላውን ነው። ያቺ የተሻገረች ቆዳ ለሮጠ ሰው ተረከዝ ተብላ የተሰፋች ናት።