አሻንጉሊት አትበሉን!

አዲስ የሱፐርሂሮ አክሽን ፊገር በወጣ ቁጥር እኛ ሰብሳቢዎች የምንመረምረው መገጣጠሚያውንና ቀለሙን ነው። ዛሬ እስቲ ስሙን እንመርምር።

«አክሽን ፊገር» የሚለው ስም የተወለደው በ1964 (እ.ኤ.አ.) ነው። የአሜሪካው ሃስብሮ ጂ.አይ. ጆ የተባለውን ወታደር ሲያወጣ፣ ወንዶች ልጆች «አሻንጉሊት አንይዝም» እንዳይሉ ፈርቶ አዲስ ስም አወጣለት። በ1972 ደግሞ ሜጎ የተባለው ኩባንያ እነ ባትማንን 20 ሴንቲ ሜትር ግድም አድርጎ፣ የጨርቅ ልብስ አልብሶ መሸጥ ጀመረ። ልብሱ ይለበሳል፣ ይወልቃል፤ አሻንጉሊት ግን አትበሉት!

ነገሩ በ2003 ችሎት ፊት ለየለት። በአሜሪካ ጉምሩክ ሰውን የሚወክል አሻንጉሊት 12 በመቶ፣ ሰው ያልሆነ ፍጡርን የሚወክል መጫወቻ ግን 6.8 በመቶ ይቀረጥ ነበር። አስመጪው ቶይ ቢዝ የኤክስ-ሜን ምስሎቹ ሰው አይደሉም ብሎ ተከራከረ፤ የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤትም ፈረደለት። የዎልቨሪን ረጃጅም ጥፍሮች ሳይቀሩ ከግምት ገቡ።

እነዚሁ ገጸ ባሕርያት ግን ከ1963 ጀምሮ በኮሚክ መጽሐፋቸው የሚታገሉት እንደ ሰው ለመቆጠር ነው። መደርደሪያችን ላይ ያደረሳቸው ኩባንያ ሰውነታቸውን በስንት ለወጠው? በ5.2 በመቶ።