የድሀ ሰው እርግብ ቤት

ወንድሜ የመጀመሪያውን የእርግብ ቤት የሠራው ስምንተኛ ክፍል ሳለ ነው። በጀቱ እማዬ ለደብተር የሰጠችው ብር ነበር። (ደብተሩን በምን እንደገዛው እስካሁን አልተጣራም።) ከቁራሌው ሁለት የእንጨት ሳጥን ገዛ፣ ከጎረቤት ግቢ የተጣለ ቆርቆሮ ለመነ፣ ከአሮጌ አጥር ላይ ሚስማር እየነቀለ በድንጋይ አቃና። እኔ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ሥራዬ ሚስማር ማቀበልና እማዬ ስትመጣ ማሳል ነበር።

ቤቱ አለቀ። ከሌላ ሠፈር ልጅ አንድ ጥንድ ነጫጭ እርግብ ተገዛ። ሦስት ቀን ሙሉ ስንዴና ውሃ እያቀረብን እንደ እንግዳ አስተናገድናቸው። በአራተኛው ቀን ወንድሜ «ለምደዋል» ብሎ በሩን ከፈተ። ወጡ፣ በሠፈሩ ላይ አንዴ ዞሩ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሻጩ ቤት። ወንድሜ ሊጠይቅ ሲሄድ ልጁ ሁለቱንም ታቅፎ ቆሞ «አዎ፣ እኔ ጋ ናቸው። ትገዛለህ?» አለው። ገዛ! ከሳምንት በኋላ ከፈተላቸው፤ እንደገና ሄዱ። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ነጋዴ ካልሆነ ግን ይገርመኛል።

እማዬ ነገሩ ላይ የደረሰችው ይሄኔ ነው። ከቁጣው በኋላ የተናገረችው ግን ከዱላ ይሻል ነበር። «አገሩን ያወቀ ወፍ ምን ብለህ ታስቀራለህ? ልጅ አምጣና አሳድግ» አለችው። ገና መብረር ያልጀመሩ ሁለት ጫጩቶች መጡ። እነሱ ቀሩ።

ይህንን ሁሉ ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ ጋዜጠኝነት ስማር የዜና ወኪሎች ታሪክ ሲነሣ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1850 ጁልየስ ሮይተር የሚባል ሰው አኸን በምትባል የጀርመን ከተማ ተቀምጦ አንድ ክፍተት ያያል። የቴሌግራፍ መስመር ከበርሊን ተነሥቶ አኸን ላይ ያበቃል። ሌላው ደግሞ ከፓሪስ ተነሥቶ ብራስልስ ላይ ይቆማል። መሐል ላይ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ባዶ ቦታ አለ። የአክሲዮን ዋጋ የያዘው ወረቀት በዚያ ባዶ ቦታ ላይ በባቡር ከ6 ሰዓት በላይ ይጓዝ ነበር። ሮይተር 45 የሚሆኑ እርግቦች ተከራየ። እርግብ 2 ሰዓት ያህል ይበቃታል። በሚቀጥለው ዓመት መስመሩ ሲገናኝ እርግቦቹ ሥራ ፈቱ፤ ሰውዬው ለንደን ገብቶ ዛሬ ሁላችንም የምናውቀውን ድርጅት አቋቋመ።

ክፍሉ በታሪኩ ሳቀ። እኔ ግን ያ ነጋዴ ልጅ ትዝ አለኝ። ምክንያቱም የሮይተር እርግቦች ሁሉ የአኸን ልጆች ነበሩ። በባቡር ብራስልስ ይወሰዳሉ፣ እዚያ ይለቀቃሉ፣ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እርግብ ደብዳቤ ታደርሳለች ስንል ተሳስተናል። እርግብ የትም አትላክም። እርግብ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ደብዳቤው እግሯ ላይ ስለታሰረ አብሮ ይደርሳል እንጂ። ስለዚህ የእርግብ ታሪክ ሲቆፈር የሚገኘው የቤት ታሪክ ነው። ቤት ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ «የማን ነው?» የሚል ጥያቄ አያጣውም።

በድሮዋ ፈረንሳይ የእርግብ ቤት የጌቶች መብት ነበር። ከድንጋይ የተገነባ ክብ ግንብ፣ ግድግዳው ውስጥ ለመክተቻ የሚሆን ብዙ ቀዳዳ። በብዙ አውራጃዎች የቀዳዳው ቁጥር በጌታው መሬት ስፋት ይታሰብ ስለነበር ግንቡን ያየ ሰው የሀብቱን መጠን ይገምታል። ጌታው ሥጋውን ይበላል፣ ኩሱን ለማዳበሪያ ይወስዳል። እርግቦቹ ግን የሚበሉት የማንን እህል ነበር? የገበሬውን። ገበሬው የዘራውን ሲለቅሙበት ቆሞ ከማየት በቀር አማራጭ አልነበረውም፤ መግደል ያስቀጣል። አብዮቱ ፈንድቶ ነሐሴ 4 ቀን 1789 ሌሊት ቬርሳይ ላይ የተቀመጠው ምክር ቤት የመኳንንቱን መብት አንድ በአንድ ሲሽር፣ ከተሻሩት መካከል የእርግብ ቤት ብቸኛ ባለቤትነት አንዱ ነበር። አዋጁ ላይ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሰፍሯል። ትምህርት ቤት ስለ ፈረንሳይ አብዮት ስንማር ስለ ባስቲል እንጂ ስለ እርግብ የነገረን አልነበረም። ለገበሬው ግን እርግቧ ከባስቲል ትቀርበው ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው መቶ ዓመት እርግብ ከግንብ ወርዳ ጓሮ ገባች። ያወረዳት ደግሞ የድንጋይ ከሰል ነው። በቤልጅየም፣ በሰሜን ፈረንሳይና በሰሜን እንግሊዝ ማዕድን ቆፋሪው ቀኑን በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ያሳልፋል። ሲወጣ የሚኖረው እንደ ባቡር ፉርጎ በተቀጣጠለ ቤት ነው፤ ቤቱም ብዙ ጊዜ የኩባንያው ነው። ፈረስ ማሽቀዳደም የመኳንንት ነገር ነው። እርግብ ግን ባቄላና አተር ይበቃታል። ባቡሩ ሲዘረጋ እሽቅድድሙ ተጀመረ። እርግቦቹ በቅርጫት ተጭነው ሩቅ ጣቢያ ይላካሉ፣ የጣቢያው ሠራተኛ ይለቃቸዋል፣ ባለቤቶቹ ጓሯቸው ውስጥ አንጋጠው ይጠብቃሉ። በእንግሊዝ በ1896 የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። «የድሀ ሰው የእሽቅድድም ፈረስ» የሚለው ስም ለእርግብ የወጣላት ከዚህ ነው።

(ነገሥታቱም አልቀሩም። በ1886 ኮንጎን ያስለቀሰው የቤልጅየሙ ሊዮፖልድ 2ኛ ለእንግሊዝ ንጉሣውያን ቤተሰብ የእሽቅድድም እርግቦች በስጦታ ልኳል። እርግብ ማን ጣራ ላይ እንዳረፈች አይገዳትም።)

አሁን ወደ አናጢነቱ። ቆፋሪው ቤቱን የሚሠራው ከምን ነበር? ከዕቃ ማሸጊያ ሳጥን፣ ከአሮጌ በር፣ ከፈረሰ ቤት ከወጣ መስኮት። ወንድሜ ቢያያቸው «የኛ ሰዎች» ይላቸው ነበር። ዕቃው ርካሽ ይሁን እንጂ ሕጉ ጥብቅ ነው። ወለሉ ከመሬት ከፍ ይላል፤ ከሥር አየር ካልገባ እርጥበትና አይጥ ይገባል። ፊቱ ፀሐይ ወዳለበት ይዞራል። አየሩ ከታች ገብቶ ከላይ ይወጣል፤ ነፋስ ግን ወፏን እንዲመታት አይፈቀድም። እያንዳንዷ እርግብ የራሷ መቀመጫ፣ እያንዳንዱ ጥንድ የራሱ መክተቻ ሳጥን ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ጠብ ነው። መግቢያው ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ይንጠለጠላሉ፦ ከውጭ ሲገፉ ይከፈታሉ፣ ከውስጥ ሲገፉ አይከፈቱም። ዋናው የበጀት ምክር ደግሞ የእማዬ ነው፦ አዋቂ እርግብ አትግዛ። እርግብ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፣ ባልና ሚስት እየተፈራረቁ 18 ቀን ያህል ይታቀፋሉ። ጫጩቱ ከአንድ ወር በኋላ ለመብረር ሲደርስ መጀመሪያ አይቶ የሚያጠናው ሰማይ የዕድሜ ልኩ አድራሻ ይሆናል። ጠቢቡ ጀማሪ ገንዘቡን ቤቱ ላይ አውጥቶ ጫጩት ከጎረቤት ይለምናል። ወንድሜ ተቃራኒውን አድርጎ ሁለት ጊዜ ከፈለ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ትናንት የድሀ መዝናኛ የነበረው ነገር በአንድ ጊዜ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። እንግሊዝ ውስጥ የእሽቅድድም እርግብ የገደለ ወይም ያቆሰለ ሰው እስከ 6 ወር እስራት ወይም 100 ፓውንድ እንደሚቀጣ በየግድግዳው ተለጠፈ። በፈረንሳይ አብዮት ዋዜማ እርግብ የገደለ ገበሬ የሚቀጣው ለጌታው ሲባል ነበር፤ አሁን ደግሞ ለአገር ሲባል ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ብራስልስ በ1931 ለወታደር እርግቦች ሐውልት አቆመች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪኮች እኔ የምወደው የዊንኪን ነው። የካቲት 1942 አንድ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከኖርዌይ ሲመለስ ሰሜን ባሕር ላይ ወደቀ። አራቱ ሠራተኞች በጎማ ጀልባ ላይ ሆነው በብርድ ይንቀጠቀጣሉ፤ ያሉበትን ለማንም መናገር አልቻሉም። አብራቸው የነበረችው እርግብ ግን አመለጠች። ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ አጠገብ ወዳለው የጌታዋ እርግብ ቤት 190 ኪሎ ሜትር ያህል በርራ፣ ክንፏ በዘይት ተለውሶ፣ ደክማ ደረሰች። መልእክት አልያዘችም። ባለቤቷ አየር ኃይሉን አስጠራ። እነሱም አውሮፕላኑ የወደቀበትን ሰዓት፣ እሷ የደረሰችበትን ሰዓትና የነፋሱን አቅጣጫ ደምረው ቀንሰው ቦታውን ገመቱ። አራቱም ተረፉ። ዊንኪ በታኅሣሥ 1943 ለእንስሳት የሚሰጠውን የዲኪን ሜዳልያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸለሙት ሦስት እርግቦች አንዷ ሆነች። ያስተዋላችሁ እንደሆነ፣ እሷ ያደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤቷ ገባች። ሰዎቹን ያዳናቸው ያ ቤት መኖሩና በሩ ላይ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው።

ዛሬ የከሰሉ ጉድጓድ ተዘግቷል። እርግቧ ግን ሌላ ዓለም ገብታለች። ኅዳር 2020 ላይ አንዲት የቤልጅየም እርግብ በጨረታ በ1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጣለች። (ይህቺንም ገዢው ከፍቶ እንደማይለቃት ተስፋ አደርጋለሁ።) እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ሰንደርላንድ አጠገብ ራይሆፕ የምትባል የድሮ የከሰል መንደር አለች። እዚያ በ1955 የተሠራ፣ የአካባቢው ሰው «ክሪ» የሚለው የእንጨት እርግብ ቤት በ1990ዎቹ በቅርስነት ተመዝግቧል። ካቴድራሎችና የመኳንንት ግንቦች ከተጻፉበት ብሔራዊ መዝገብ ላይ፣ ደረጃው ቢለያይም፣ አንድ የጓሮ እርግብ ቤት ሰፍሯል። ያለ ፈቃድ ማፍረስ ወንጀል ነው።

የኛ ሠፈር ለልማት የተነሣው ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሊጨርስ ሲል ነው። መፍረሱን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ቀኑ ብቻ ነበር ያልታወቀው። ወንድሜ አሥራ አንዱን እርግቦች ሩቅ ሠፈር ላለ ጓደኛው ሰጣቸው። ቤቱን ራሱ አፈረሰው፤ ሚስማሮቹን እንደ ድሮው አንድ በአንድ ነቅሎ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አስቀመጣቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የቀረ ዕቃ ልናመጣ ተመልሰን ስንሄድ ሦስቱ እርግቦች መጥተዋል። ጣራም ግድግዳም የለም። ቤታቸው ከነበረበት ቦታ በላይ ይዞራሉ፣ አጥሩ ላይ ያርፋሉ፣ ተነሥተው ደግሞ ይዞራሉ። ወንድሜ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አንጋጦ ሲያያቸው ቆየ። እኔ ምንም አላልኩም። ምን ይባላል?

ሠፈር አይፍረስ፣ ከተማ አይደግ ማለቴ አይደለም። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ግቢ ያደገ ሰው እንደዚያ አይልም። ታሪክ የሚባለው ነገር ግን ድንጋይ ብቻ ነው ብለን ስለምናምን፣ በቆርቆሮና በሳጥን የተሠራው ሲፈርስ የፈረሰ ነገር ያለ አይመስለንም። ራይሆፕ ላይ አንድ ሰው ቆም ብሎ «ይህም ይጻፍ» ብሏል። እኛ ዘንድ ቢያንስ ፎቶ ቢነሣ ምን ነበረበት? የወንድሜ እርግብ ቤት አንድም ፎቶ የለውም። ይህ ጽሑፍ እሱን ይተካ።

ወንድሜ አሁን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። የሚስማሩ ጣሳ በረንዳው ላይ አለ። ባለፈው እሑድ የራይሆፕን ታሪክ ነገርኩት። ይገረማል፣ ይተክዛል፣ ወይም ስለ ቅርስ አንድ ነገር ይላል ብዬ ስጠብቅ ቡናውን አስቀመጠና የጠየቀኝ ይህንን ብቻ ነው፦

«ወለሉን ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገውታል?»