ስለቱን ራሱ የሚጠብቅ ማረሻ

በእቶን ቀልጦ እንደ ውሃ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት፣ ጠባዩ የሚወሰነው በተቀበለው እሳት ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁንም እሳቱ ከውስጡ በሚለይበት ፍጥነት መሆኑን ሊቃውንት በማይክሮስኮፕ መርምረው ከማስረዳታቸው አስቀድሞ፣ በምሥራቅ እንግሊዝ የሚኖር አንድ ብረት አቅላጭ ይህንኑ ምስጢር በማረሻ ላይ ገልጦ አሳይቶ ነበር።

ይህ ሰው ሮበርት ራንሰም ይባላል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በ1753 ዓ.ም. በኖርፎክ አውራጃ፣ ዌልስ በምትባል ከተማ፣ ከአንድ የትምህርት ቤት መምህር ተወለደ። ራንሰም በብረታ ብረት ነጋዴ ዘንድ ሙያ ከተማረ በኋላ በኖርዊች አነስተኛ የናስ ማቅለጫ አቋቋመ፤ በ1789 ወደ ኢፕስዊች ሲዛወርም የያዘው ገንዘብ 200 ፓውንድ፣ ያስከተለውም ሠራተኛ አንድ ብቻ ነበር።

የዘመኑ ገበሬ በሁለት ችግር መካከል ተይዞ ይኖር ነበር። ማረሻው ተቀጥቅጦ የተሠራ እንደ ሆነ፣ አሸዋና ጠጠር የበዛበት መሬት ቶሎ ስለሚያዶለዱመው፣ የእርሻው ወራት እያለፈበት ወደ አንጥረኛ ደጅ መመላለስ ግድ ይሆንበታል። ካስት አይረን ከሚባለው፣ ቀልጦ ከሚፈሰው ብረት የተሠራ እንደ ሆነ ደግሞ ዋጋው ይረክሳል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከደነዘ በመዶሻ ቀጥቅጦ ማሳል አይቻልም፣ ይሰበራልና። ራንሰም በ1785 ቅርጹን በጨው ውሃ እያራሰ ማረሻውን የማጠንከር ዘዴ አግኝቶ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር እንዲህ ተብሎ ይተረካል፦ በማቅለጫው ቤት አንድ ቅርጽ ተሰብሮ የቀለጠው ብረት ፈሰሰና በወለሉ ላይ ከነበረ ቀዝቃዛ ብረት ጋር ተገናኘ፤ በኋላም ሲታይ ቀዝቃዛውን የነካው ፊቱ እጅግ ጠንክሮ ተገኘ። እንዲህ ያለው አደጋ በየትም ማቅለጫ ቤት የሚደርስ ነው፤ የራንሰም ታላቅነት፣ በእኔ አስተያየት፣ ሌላው ጠርጎ የሚጥለውን ፍርስራሽ አንሥቶ በመመርመሩ ነው። በ1803 ያስመዘገበው ዘዴ የቅርጹ የታችኛው ፊት ከብረት፣ የላይኛው ፊት ከአሸዋ እንዲሆን የሚያደርግ ነበር።

ቀዝቃዛው ብረት ከሥር ያለውን ሙቀት በቅጽበት ሲስብ፣ አሸዋው ግን የላዩን ሙቀት ቀስ እያለ ይለቃል። ከመቶ ከሁለት እስከ አራት እጅ ያህል ካርቦን ያለው ይህ ብረት ቀስ ብሎ ሲበርድ፣ ካርቦኑ ግራፊት ሆኖ በስስ ቅጠል አምሳል ይለያል፤ ስባሪው ግራጫ፣ ጠባዩም ሞረድ የሚቀበል ይሆናል። በድንገት ሲበርድ ግን ካርቦኑ ለመለየት ጊዜ ስለማያገኝ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ይቀራል፤ ስባሪው ነጭ፣ ሞረድ የማይበግረው፣ ነገር ግን ሁለመናው እንዲህ ቢሆን በቀላሉ የሚሰበር ነው። በራንሰም ማረሻ ነጩ ስስ ሽፋን ከሥር፣ ግራጫው ከላይ ሆኖ ይደግፈዋል። ማረሻው አፈሩን እየሰነጠቀ ሲሄድ የላዩ ለስላሳ ፊት ቀድሞ ስለሚበላ፣ የሥሩ ጠንካራ ጠርዝ ምንጊዜም ስል ሆኖ ይወጣል። መሬቱ የሚያደነዝዘው የነበረ ማረሻ በዚያው መሬት ተሳለ፤ ከዚህ የሚበልጥ የጥበብ ሥራ በዚያ ዘመን ብዙ አላውቅም።

የዚህን ተቃራኒ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኦሚዩር በ1722 ባሳተመው መጽሐፍ አስቀድሞ አስተምሯል፤ ይኸውም ነጩን ጠንካራ ብረት በእሳት ለረጅም ጊዜ አቆይቶ የማለስለስ ዘዴ ነው። በቻይናም ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት መቶ ዓመታት የእርሻ መሣሪያዎች በዚህ ዓይነት ይለሰልሱ እንደ ነበር ከመሬት የተቆፈሩት ቅርሶች ይመሰክራሉ።

ራንሰም በ1830 ዐረፈ። ዘዴው ግን አልቀረም፤ ዛሬ ካምሻፍት የሚባለው የብዙ መኪና ሞተር ዘንግ ከካስት አይረን ሲሠራ፣ ቫልቮቹን የሚገፉት ጉብታዎች በሚያርፉበት ስፍራ በአሸዋው ቅርጽ ውስጥ የብረት ቁራጭ ይቀመጣል፤ ጉብታው ነጭና ጠንካራ፣ ዘንጉ ግራጫ ሆኖ ይወጣል።